የኢቃማ ደም

ሸረፈዲን እህቱን ለጥጋቡ እሰጣለሁ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የደም ምርመራ። «አገር ቤት መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ሳያስመረምር አያጋባም። እኔ ጅዳ ስለኖርኩ እህቴን በጭፍን ልስጥ?» አለ። ስለ ሸረፈዲን ክፉ ብናገር ደስ ይለኛል፤ እዚህ ላይ ግን ልክ ነበር።

ልክ ያልሆንነው እኛ ነን። ጥጋቡ ወረቀት የለውም። በየመን በኩል መጥቶ ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚሸከም ልጅ ነው። በመንገድ ላይ፣ ደላሎቹ ባጎሩት ግቢ ውስጥ ምን እንደደረሰበት አይናገርም፤ ብቻ ደም ሲባል ከንፈሩ ይደርቃል። እና ስልክ ደወለልኝ።

«ጋሼ ብዙየሁ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ በኔ ቦታ አንተ ተቀዳልኝ። ያንተ ደም እኮ መንግሥት ያሳለፈው ደም ነው።»

ይህን የሚለው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ኢቃማ ያለው ሰው ደሙ ንጹሕ ነው ይባላል። መኖሪያ ፈቃዱ ሲወጣ ደም ይቀዳል፣ ችግር የተገኘበት ወደ አገሩ ይሸኛል፤ ስለዚህ ኢቃማ በኪሱ የያዘ ሁሉ ተፈትኖ ያለፈ ነው። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ከተመረመርኩ ስንት ዓመት እንዳለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንዳገኘኝ ማን ያስባል? ደም እንደ ወርቅ አንዴ ከተፈተነ አበቃ ብዬ ነው የኖርኩት።

እሺ ያልኩትም ለጥጋቡ አዝኜ ብቻ አይደለም። ከሸረፈዲን ጋር የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። እሱ ስምንተኛ ክፍል ደረሰ፤ እኔ አራተኛን ሳልጨርስ ወጣሁ። እሱ ጅዳ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ መካ፣ ኩዳይ የአውቶቡሶች ማቆሚያ የሐጃጅ ሻንጣ እሸከማለሁ። አንድ ቀን ከዐረብ እንግዶች ጋር መጣና «ያ ሀማል!» ብሎ ጠራኝ። ሀማል ማለት ተሸካሚ ነው፤ በራሱ ስድብ አይደለም። ስሜን እያወቀ፣ የእናቱን ለቅሶ አብሬው ተቀምጬ፣ ሀማል ማለት ግን ስድብ ነው። ሻንጣውን ተሸከምኩለት። ቃሏ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ አጥንት እስከ ዛሬ አለች። እና የሀማሉ ደም ለእህቱ ትዳር ዋስ ሲሆን፣ እሱም ሳያውቅ «ማሻአላህ» ሲል፣ በሆዴ ልስቅበት ነበር።

ነርሷ ማህደር ትባላለች። አገር ቤት የተማረች፣ ጅዳ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ክርስቲያን ናት። ወረቀት የሌለው ሰው ሲሆን ቤቱ ድረስ ሄዳ ትቀዳለች። የላካት ሸረፈዲን ነው፤ ጥጋቡን አይታው አታውቅም። ወደብ አጠገብ ያለችው ክፍሉ ስትመጣ እሱ ወጥቶ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኳት እኔ ነኝ።

«ጥጋቡ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለሙሽራ ሸምግለሃል።»

«ስደት ያስረጃል።»

ሳቀች። ክንዴን አሰረችና ደም ሥሬን እየፈለገች ጠየቀችኝ። «ከዚህ በፊት አግብተህ ታውቃለህ? አሁን ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም። ይኸው ላገባ አይደል?»

ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት፣ ለቂጥኝ እንደሚታይ ነገረችኝ። ቂጥኝ ስትል እኔም ተራዬን ሳቅሁ። «ቂጥኝማ የድሮ ሰው በሽታ ነው» አልኳት።

«በሽታው ግን ይህን አልሰማም» አለች ደሙን እየሳበች።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሸረፈዲን ቤት ተሰበሰብን። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ውስጥ ከሙሽራይቱ ከማርዋ ጋር። ባለቤቴ ረሺዳም ከመካ አብራኝ መጥታ ውስጥ ነበረች፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። እኔ በጥጋቡ በኩል ሽማግሌ ሆኜ ከላይኛው ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። ሸረፈዲን ራሱ ትራስ አቀበለኝ። ያችን ትራስ ስደገፍ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ያኔ ማህደር ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ በሴቶቹ ክፍል በኩል ሰላም እያለች ገባች።

ሸረፈዲን ተነሣ። «ውጤቱን በስልክ ንገሪኝ ብላት እንቢ አለችኝ፤ ባለ ደሙ በሌለበት አልናገርም አለች። ይኸው መጣች። በይ እህቴ፣ ሙሽራችን ይኸውልሽ» ብሎ ጥጋቡን ጠቆማት።

እኔና ጥጋቡ ይህን አላሰብንም። ውጤት በስልክ ይነገራል፣ አበቃ፣ ብለን ነበር የተማመንነው።

ማህደር ጥጋቡን አየችው። «ይሄ አይደለም» አለች።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«የቀዳሁት ከእሱ አይደለም።» ዓይኗ በተቀመጠው ሰው ላይ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ። «ጥጋቡ ያ ነው። እሱን ለብቻው ላነጋግረው እፈልጋለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። «ልጄ፣ ተሳስተሻል፤ እሱ ብዙየሁ ነው፣ የኩዳዩ።»

ከእሳቸው በቀር የሳቀ የለም። ጥጋቡ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሸረፈዲን ወደኔ ዞረ፤ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት።

«ያንተን ደም?» አለኝ። «ለእህቴ ያንተን ደም ነው ያመጣህልኝ?»

ማርዋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጅዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ስትናደድ ዐረብኛውም አማርኛውም አንድ ላይ ይመጣባታል። «ኸላስ! እሱን ተዉት! ጥጋቡ እዚሁ፣ አሁን፣ ዓይኔ እያየ ይቀዳ! ያላ፣ ክንድህን አምጣ!»

«ማርዋ፣ ግቢ!» አለ ወንድሟ።

«አልገባም! የማገባው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።»

በዚያ ሁካታ መሀል ማህደር በዓይኗ ጠራችኝ። ተከትያት ደረጃው ላይ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስምህ ማንም ይሁን። ደሙ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቂጥኝ አለብህ።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

«ኢቃማ አለኝ እኮ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ኢቃማ መድኃኒት ነው እንዴ?»

«ተመርምሬ ነው የወጣልኝ!»

«መቼ?»

በጣቴ ዓመት መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

«ከዚያ ወዲህ ከሴት ጋር አልተኛህም?»

«ዝሙት አላውቅም» አልኩ ተቆጥቼ። «በኒካህ ነው። ሁለት ምስክር ባለበት።»

አምልጦኝ ነው። ጀሚን ማለቴ ነበር። ረሺዳ ገና አገር ቤት ሳለች፣ ሩሰይፋ በሚባለው የመካ ሰፈር ሰው ቤት ከምትሠራ ጀሚ ከምትባል ልጅ ጋር ኒካህ አስረን ሁለት የሐጅ ወቅት አብረን ኖረናል። እሷ ወረቀት ስላልነበራት ተይዛ ወደ አገሯ ተላከች። እኔም በስልክ ፈታኋት። ረሺዳ ይህን አታውቅም። በሃይማኖታችን ሐላል ነው፤ ሐላል ነገር ደግሞ በሽታ ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያኔ ብልቴ ላይ አንዲት ቁስል ወጥታ ነበር። አላመመችኝም። ሳላክማት ደረቀች፤ እኔም ረሳኋት።

«በሽታው የኒካህ ምስክር አይቆጥርም» አለች ማህደር። «ቁስሉ ሲደርቅ በሽታው ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልሄደም። ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ግን አትደንግጥ፣ ይድናል። መርፌ ነው። ደግነቱ ገና ስላላገባህ—»

«አግብቻለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ሚስት አለችኝ።»

«የት ነው ያለችው? አገር ቤት?»

«ውስጥ ናት። ከሴቶቹ ጋር።»

ማህደር የደረጃውን ብረት ጨበጠች። «ነፍሰ ጡሯ ናት እንዳትለኝ።»

«እሷ ናት።»

አማተበች። እኔ ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ ሐኪም ሲደነግጥ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። «ዛሬውኑ ትመርመር» አለች። «ዛሬ! ነገ አይባልም። በእትብቱ ለልጁ ይተላለፋል። ሆድ ውስጥ ይገድለዋል፤ ባይገድለውም ታሞ ይወለዳል። እሷ መርፌውን በጊዜ ካገኘች ግን ይተርፋል። ገባህ?»

«እኔን ውጊኝና እሷን ተያት። እኔ ከዳንኩ አይበቃም?»

«አይበቃም። እሷ ካልታከመች አንተ ብትድንም መልሳ ትሰጥሃለች። ልጁ ደግሞ ያንተን መዳን ምን ያደርግለታል?»

«እሷ ያመጣችው ቢሆንስ?»

በንቀት አየችኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበለው ኖሬያለሁ። «ማን እንዳመጣው ደም አይናገርም» አለች። «ጥራት።»

ልጠራት ነው ብዬ ገባሁ። ግን አልጠራኋትም። ረሺዳን በጓሮ በር አስወጣሁና መንገድ ላይ ያገኘሁትን የሀምዳንን መኪና ያዝኩ፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ኬላ በማሳለፍ የኩዳይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመናዊ ሹፌር ነው። ሐሳቤ ይህ ነበር፤ ማህደር ክርስቲያን ናት፣ መካ አትገባም። ኬላውን ካለፍን ልትከተለን አትችልም። ልጁን ዘንግቼ እንዳይመስላችሁ። ኩዳይ መርፌ የሚወጋ ሰው አውቃለሁ፤ ረሺዳን «የጉልበት ቫይታሚን ነው» ብዬ አስወጋታለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል፣ አልኩ። ምን መርፌ፣ ስንት ጊዜ፣ የሚለውን አልጠየቅሁም። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው የሸረፈዲን ሳሎን ብቻ ነው፤ ሰዉ ሁሉ «ሀማሉ ቂጥኝ አለበት» ሲል ይሰማኝ ነበር።

«ምን አጣደፈህ?» አለች ረሺዳ መኪናው ውስጥ። «ምግብ እንኳን አልቀረበም።»

«ሸረፈዲን ሰደበኝ።»

«ሸረፈዲን መቼ ሳይሰድብህ ቀርቶ ያውቃል? ሴቶቹ ግን የጥጋቡን ደም አንተ ሰጠህ ሲሉ ሰማሁ። ምን ዓይነት ሥራ ነው እሱ?»

«ወሬ ነው።»

ስልኳ ጮኸ።

«አታንሺው፤ እዚህ ጋ ኔትወርክ የለም።»

«እየጮኸ ኔትወርክ የለም ትላለህ?» አለችና አነሣችው።

ማህደር ነበረች፤ ቁጥሩን ከማርዋ ወስዳ። የረሺዳን ቃል ብቻ ነው የምሰማው። «አቤት… አዎ፣ እኔ ነኝ… ሰባት… አዎ፣ ከዚህ በፊት አንድ ነበረኝ። ሞቶ ተወለደ።» ከዚያ አዳመጠች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እጇ ቀስ ብሎ ሆዷ ላይ ሄደና ቀረ። የኬላው መብራት ከሩቅ መታየት ጀምሮ ነበር።

«አመሰግናለሁ እህቴ። እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው። «ሀምዳን፣ አቁም።»

ሀምዳን በመስታወቱ አየኝ። «ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት።

«አቁም አልኩህ! ወደ ጅዳ መልሰኝ።»

«ረሺዳ፣ ስሚኝ—»

«ያ ሞቶ የተወለደው» አለች፤ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ማህፀንሽ ቀዝቃዛ ነው ብለኸኝ ነበር። እናትህም በስልክ ያንኑ አሉኝ። ብርዱ እንዲወጣልኝ ብዬ ዝንጅብል እየጠጣሁ አንጀቴን አቃጠልኩ። አሁን ደግሞ ይሄኛው እንዲሞት ነው ይዘኸኝ የምትሮጠው?»

«ኩዳይ ደርሰን—»

«ኩዳይ አልደርስም። አንተ ሂድ። ለአንተ ኬላው ክፍት ነው።»

በሩን ልትከፍት እጇን ዘረጋች። ሀምዳን ደንግጦ መንገዱ ዳር ቆመና ጥያቄ ሳይጠይቅ መመለሻውን ፈለገ። እኔ አልወረድኩም። ለምን እንዳልወረድኩ አላውቅም፤ ከፍርሃት ይሆናል።

ማህደር ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሐኪሙን አነጋግራዋለች፤ ረሺዳ ኢቃማ ባይኖራትም ማንም አልጠየቃትም። ማህደር የረሺዳን ጣት ወግታ ጠብታዋን ትንሽ መመርመሪያ ላይ አኖረች። ጠበቅን። ሁለተኛዋ መስመር፣ የበሽታው ምልክት፣ ብቅ ስትል ማህደር መመርመሪያውን ወደ ረሺዳ አዞረችው፤ ገባት።

«ያ ልጅ፣ ጥጋቡ፣ ነጻ ነው» አለች ማህደር። «እዚያው ሸረፈዲን ቤት ምንጣፉ ላይ፣ እንደዚህ ባሉ መመርመሪያዎች ሦስቱንም አየሁለት። በከንቱ ነው ሲፈራ የኖረው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰዓት እንኳን ይህ አናደደኝ። በየመን በረሃ የተንገላታው ልጅ ነጻ፤ መንግሥት ያሳለፈኝ እኔ በሽተኛ። በኋላ ሲጋቡም አልጠሩኝም።

ፔኒሲሊን ሰውነቷን አስቆጥቶ ያውቅ እንደሆነ ረሺዳን ጠየቋትና ወጓት። መርፌው ወፍራም ነው፤ ሕመሙ እግር ድረስ ይወርዳል። ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። ሐኪሙ ሆዷ ላይ መሣሪያ አድርጎ አዳመጠ፤ ክፍሉን የልብ ምት ሞላው፤ ፈጣን፣ እንደሚሮጥ ሰው። «አለ» አለች ማህደር። «በየሳምንቱ እየመጣሽ መርፌውን ትጨርሻለሽ፤ ሲወለድም ወዲያው ይመረመራል። መርፌው እስኪያልቅ አብራችሁ አትተኙም። ከዚያም ደማችሁ እስኪታይ ድረስ፣ ያለ ኮንዶም የሚባል ነገር የለም።»

ረሺዳ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ የልብ ምቱን ስትሰማ።

ተራው የኔ ሆነ። ማህደር መርፌውን እያዘጋጀች፣ ቀና ሳትል ጠየቀች። «ሌላ ማን አለ? ከማንኛችሁም ጋር የተኛ ሰው ካለ መታከም አለበት። ስም ለማንም አልናገርም፤ ያ ሰው ግን ይወቅ።»

«እኔ ካንተ ሌላ ሰው አላውቅም» አለች ረሺዳ። መልሱን የሰጠችው ለማህደር ሳይሆን ለኔ ነው።

መሬት መሬቱን አየሁ።

«ተናገር» አለችኝ ረሺዳ።

«ጀሚ» አልኩ።

«ጀሚ ማናት?»

ነገርኳት። ሩሰይፋን፣ ኒካሁን፣ የተባረረችበትን። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እጇን ዘረጋች። «ስልክህን አምጣ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«አምጣ።»

ደወለች፤ ድምጹንም ከፈተችው። ጀሚ ብዙ ሳይጠራ አነሣችው።

«ብዙየሁ? ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ትዝ አልኩህ?»

«ብዙየሁ አይደለሁም። ሚስቱ ነኝ፣ ረሺዳ እባላለሁ።»

«…እህቴ፣ ወላሂ እኔ ካንቺ ባል የምፈልገው ነገር የለም። ተውኝ።»

«ለጠብ አልደወልኩም። ስሚኝ። ዛሬ ተመርምሬ ቂጥኝ ተገኘብኝ። እሱም አለበት። አንቺም ሐኪም ቤት ሂጂና ደምሽን ታዪ። በመርፌ ይድናል፣ አትፍሪ።»

ከወዲያ በኩል የውሻ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ የጀሚ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«ልጅ ይነካል ወይ?»

«ይነካል» አለች ረሺዳ። «ልጅ አለሽ?»

«ነበረኝ። አርግዤ ነው ከዚያ አገር የመለሱኝ። ወንድ ነበር። መዳፉና የውስጥ እግሩ ቆዳ ይላጥ ነበር፤ ሌት ተቀን ያለቅሳል። ሰዉ ዓይን በልቶታል አለኝ። ሸኹ ጋ ተሸክሜው ሄድኩ፣ ዱዓ ተደረገለት። አርባው ሳይሞላ ሞተብኝ። ይሄው ነበር? በመርፌ የሚድን?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በስልክ ፈትቼሻለሁ ስላት አርግዛ ነበር። ልጅ እንደነበረኝ የሰማሁት መሞቱን በሰማሁበት አፍ ነው። ማህደር መርፌውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ረሺዳ ስልኩን መዳፌ ላይ አኖረችው። «አባቱ እዚህ አለ» አለቻት።

«ጀሚ» አልኩ። «የት ነው የቀበራችሁት?»



«ሚስትህን ስጠኝ» አለች።